የምን ስጎ?

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? «ሰነበትሽ» ስል እያፈርኩ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ! «ነገ እደውልላታለሁ» ስል ነገ ሌላ ነገ እየወለደ፣ በኋላ ደግሞ መጥፋቴ ራሱ አሳፈረኝ። አትቀየሚኝ። ደህና ነኝ። አሁንም ጣልያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ነኝ፤ አንዲት አሮጊት (ሲኞራ ነው የምላት) እየተንከባከብኩ እኖራለሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ስጎ ነው። የእናትሽ የቅዳሜ ስጎ ትዝ ይልሻል? ሽንኩርቱ እስኪቀላ ቁሌት፣ ድልህ፣ በርበሬ። ፓስታው ልስልስ ብሎ በእንጀራ እየጠቀለልን ስንጎርስ፣ ሹካ የሚሰጠው ለእንግዳ ብቻ ነበር።

ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ እንደ ፉርኖው ሁሉ ስጎንም ከነስሙ ትቶልን ሄደ አይደል? እኔም ወደዚህ ስመጣ የስጎ አገር የገባሁ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሲኞራን «ስጎ ልሥራ?» ብላት «የምን ስጎ?» አለችኝ። ለካ እነሱ ዘንድ ስጎ ማለት እንደኛ «ወጥ» እንደማለት ነው። ወጥ ልሥራ ብትዪኝ እኔስ የምን ወጥ አልልሽም?

የዚህ ከተማው ራጉ ይባላል። በሱ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሠራሩን ጽፈው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግበውታል፤ እንደ ቤት ካርታ! የበሬ ሥጋ፣ ካሮት፣ ወይን ጠጅ፣ ቲማቲም፣ ወተት፣ ደግሞ ፓንቼታ የሚሉት የአሳማ ሥጋ። አሳማውን እንዴት ብዬ! በዚያ ላይ በስፓጌቲ አይበላም። ታልያቴሌ የሚሉት ሰፋ ያለ ፓስታ አለ፤ እሱ ደግሞ የሚለወሰው በእንቁላል ነው። ፓስታን የጾም ምግብ አድርገን ያደግነው ልጆች ጉዳችንን አየሽ? (ደግነቱ የሱቁ ስፓጌቲ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው።) «ራጉ» የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይ የመጣ መሆኑን ስሰማ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

በሁዳዴ አንድ ቀን ሆድ ባሰኝና የኛን ሠራሁ። ሲኞራ ሽታው ጠርቷት ከዘራዋን ይዛ መጣች። ፓስታውን አይታ «ጥርስ ላላወጣ ልጅ ነው?» አለች። ስጎውን በዳቦ ቀመሰች። ሳለች፣ ውሃ ጠጣች፣ እንደገና አጠቀሰች። አሁን በየሳምንቱ «ያንቺን ስጎ» ትለኛለች፤ ግን ፓስታው የሚወጣው በሷ ሰዓት ነው፣ ገና ጥርስ ላይ እያንገራገረ።

እኔም ለምጄዋለሁ። በቀደም ብቻዬን ስሆን እንደ ቤታችን አብዝቼ ቀቀልኩትና አልበላ አለኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

ስጎው ግን አሁንም የሆነ ነገር ይጎድለዋል። እናትሽ በርበሬውን የምትጨምረው ከድልሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እኔ በኋላ ነው የማደርገው። ጠይቂልኝና ጻፊልኝ። መንገደኛ ካገኘሽም በርበሬዬ ወደ ማለቁ ነው።

የምትወድሽ ጓደኛሽ