ስሙን ስለማታውቁት ፍሎክስ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ገዝታችሁ የገባችሁ ብዙዎቻችሁ፣ የቀድሞው ባለቤት ተክሎት የሄደውን፣ ረጅም አገዳ ላይ ተሰብስቦ የሚያብብ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ፎቶ እያነሣችሁ «ይህ ፍሎክስ ነው ወይ? ከሆነስ የትኛው ዝርያ ነው?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንተው ጓሯችሁ ቆማችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ፤ ሁለተኛውን ግን እኛም ፎቶ ብቻ አይተን አንመልስም።

አስቀድመን ስሕተታችንን እናርም። ባለፈው ሜይ ወር ለአንዲት ደንበኛችን «ፍሎክስ ነው» ብለን የመለስንላቸው ተክል፣ ከአውሮፓ መጥቶ እዚህ እንደ አረም የሚስፋፋው ዴምስ ሮኬት ሆኖ ተገኝቷል፤ እሳቸውም ቃላችንን አምነው ዘሩ እስኪረግፍ አቆይተውታል። ለዚህም ከልብ ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ዴምስ ሮኬት የጎመን ዘር ዘመድ ስለሆነ አበባው እንደ ጎመን ዘር አበባ አራት ቅጠል ብቻ ሲኖረው፣ የአገዳው ቅጠሎችም እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ የፍሎክስ አበባ ግን አምስት ቅጠል አለው፣ የአገዳውም ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። የጓሮ ፍሎክስ በአብዛኛው ከጁላይ በፊት ስለማያብብ፣ ወሩን ልብ ብንል ኖሮ ባልተሳሳትን ነበር።

ሶፕወርት የሚባለው ተክል አምስት የአበባ ቅጠልና ጥንድ ቅጠሎች ስላሉት ይበልጥ ያሳስታል። አበባውን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የፍሎክስ አበባ ከነቀጭን ቱቦው በአንድነት ይወጣል፣ የሶፕወርት የአበባ ቅጠሎች ግን አንድ በአንድ ይነቀላሉ። የሶፕወርትን ቅጠል በውኃ ብታሹትም እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል።

ወደ ዝርያው ስም ስንመጣ፣ ነጭ የሆነ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠው «ዴቪድ» የተባለው ዝርያ አይደለም። ከ«ዴቪድ» ሥር ረግፎ የበቀለ ዘር እንኳ እናቱን አይመስልም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ደማቅ ሮዝ ያደላል። «ነጩ አበባዬ ተለወጠ» የምትሉንም በአብዛኛው ይህ ዘር በቅሎ ዋናውን ስለሚውጠው ነው፤ ስለዚህ አበባው እንዳለቀ ዘር ከመያዙ በፊት ቁረጡት። «ጂና» በጣም ጥቃቅን በሆኑ አበቦቿ ስለምትለይ ስሟን ለመገመት እንደፍራለን፤ ለሌሎቹ ግን የተገዙበት ምልክት ወይም ደረሰኝ ከሌለ ስም አንሰጥም፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ስም ከችግኙ ጋር ለጎረቤትና ለዘመድ ይተላለፋል።

ስለዚህ ወደፊት ስትልኩልን አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ፣ እንዲሁም የአገዳውን ታችኛ ክፍል አንሡልን፤ ቀያይ ነጠብጣብ ካለበት ማኩላታ የተባለው ሌላው ፍሎክስ ሊሆን ይችላል። ቁመቱንና ያበበበትን ወር ጻፉልን፤ ከሥሩም አፈሩን በእጃችሁ ገለጥ አድርጉ፤ የቀድሞው ባለቤት የሰካው የስም ምልክት እዚያው ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባለቤቶች