የንባብ ክበብ፦ የፍቅር ታሪክ ስናነብ የከረምንበት ዓመት

ባለፉት ዓመታት በዚህ መጽሔት ላይ የንባብ ክበብ ዘገባ ከቀይ መስቀልና ከአካባቢ ጥበቃ ክበባት ቀጥሎ በሁለት አጫጭር አንቀጾች ይጠናቀቅ ነበር። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ሰፋ ያለ ቦታ የለመንኩት ስለ እኛ ብዙ ስለተወራ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የፍቅር ክበብ» የሚል ስም ወጥቶልናል። በወላጆች ስብሰባም ላይ ስማችን ተነሥቷል። እንግዲህ የሆነውን ከእኛው ስሙት።

የ2017 ዓ.ም. ትምህርት እንደተጀመረ ለተመዘገቡት አባላት ቁራጭ ወረቀት አድዬ በመጨረሻ ያነበቡትን መጽሐፍ እንዲጽፉ ጠየቅሁ። አብዛኛው ወረቀት ባዶውን ተመለሰ። አንዳንዶቹ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፋቸውን ጠቅሰዋል፤ እኔን ለማስደሰት ይመስለኛል። የዛሬ ልጅ አያነብም እያልን በየስብሰባው የምናማርረው ነገር እውነት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቴሌግራም ላይ ያነበብነውስ ይቆጠራል?» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ። ይቆጠራል አልኩ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲዞር መስመር አልበቃ አለ። አርባና ሃምሳ ክፍል የዘለቀ የፍቅር ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተሉ ልጆች አሉን። ማታ ማታ በቤተሰብ ስልክ፣ የእናታቸውን ዳታ እየቆጠቡ፣ «ይቀጥላል» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ እየተቃጠሉ ያነባሉ። አያነቡም የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድ ቀየርነው። የሚያነቡትን ትተው እኛ የምንፈልገውን እንዲያነቡ ከመለመን፣ የሚያነቡትን ይዘው እንዲመጡና እንድንከራከርበት ወሰንን። ችግሩ ታሪኮቹ ያሉት ስልክ ላይ መሆኑ ነው፤ ስልክ ደግሞ በትምህርት ቤታችን በር አያልፍም። ደንቡን ለማስቀየር ማመልከቻ ለመጻፍ ሳስብ ልጆቹ ቀደሙኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሙሉ ታሪክ በእጇ ገልብጣ፣ በባለ 50 ሉክ ደብተር ይዛ መጣች። ክፍሎቹን በቀይ እስክሪብቶ ለይታ፣ አራት ነጥብ የጎደለበት ቦታ ሁሉ ራሷ ሞልታ፣ የፊደል ስሕተቱንም አርማ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ያንን ደብተር ቢያዩ የሚሰጧትን ነጥብ አላውቅም፤ እኔ ግን የጽሕፈት የቤት ሥራ እንዲህ ተሠርቶ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ደብተሮቹ በዙ።

ታሪኮቹ ሁሉ ጥሩ ናቸው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ብዙዎቹ አንድ ቅርጽ አላቸው። እሷ ወይ እናት የሌላት ወይ በእንጀራ እናት የምትሰቃይ ምስኪን ናት፤ እሱ የድርጅት ባለቤት፣ ቁመተ ሎጋ፣ ፊቱ የማይፈታ ነው። በመጀመሪያ ይሰድባታል፤ ቀጥሎ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚያ አንዳቸው ሆስፒታል ይገባሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ወደ የቤታችን ካስገባ ወዲህ ባለ ገንዳ ቪላው፣ ሾፌሩና ክፉዋ አማት በእኛዎቹ ልብ ወለዶችም ውስጥ ጎጆ ቀልሰዋል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚወጣ፣ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ፣ የወር ኪራይ የሚያስጨንቀው አፍቃሪ ፈልጉ ተብሎ ልጆቹ ቢሰማሩ አንድ እንኳ ይዞ የመጣ የለም። እንዲህ ያለውን ጉድለት ግን ያወቁት ራሳቸው ናቸው። የጀግናዋ ዓይን በክፍል 3 ጥቁር፣ በክፍል 19 ቡናማ መሆኑን ያጋለጠው ልጅ ለሦስት ሳምንት «መርማሪው» ሲባል ከርሟል። ይህን ዓይነት ንባብ በፈተና ጥያቄ አመጣለሁ ብል የምችል አይመስለኝም።

ተቃውሞው የመጣው በኅዳር ነው። አንድ አባት ከልጃቸው ቦርሳ ያገኙትን ደብተር ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ። «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክኋት ፊዚክስ እንድታጠና ነው» አሉኝ። እርስዎ በልጅነትዎ የሬዲዮ ትረካ አይሰሙም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያማ ወጋየሁ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። እውነታቸውን ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ነገር ግን ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተረከላቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ምንድን ነው? የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር አይደለም? እሱንስ ቢሆን በአንድ ቀን ሰምተው ጨረሱት? ትረካው የሚቆረጠው ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ የሚቀጥለውን ቀን ይጠብቅ ነበር። ይኸው ልጃቸውም እየጠበቀች ነው። አባትየው ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ሆኖም «ውጤቷ ከቀነሰ ግን እኔና አንተ እንገናኛለን» ብለውኝ ሄዱ። አልቀነሰም። ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ላስታውስ፦ በ1958 ዓ.ም. ያን የፍቅር ታሪክ ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ቀደም ሲል የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ፍቅር ከትምህርት ቤት ምን አገናኘው የምትሉኝ ሁሉ ክርክሩን ከእሳቸው ጋር ጨርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በየካቲት አንድ ሐሙስ ያነበብነው ደብተር ውስጥ ልጁ ልጅቷን ከትምህርት ቤት በር ላይ በየቀኑ ይጠብቃታል። አታናግረኝ ትለዋለች፤ ይከተላታል። መንገድ ትቀይራለች፤ እሱም ይቀይራል። ደብተሯን ይቀማታል። በክፍል 22 ላይ ልቧ ይሸነፋል። ታሪኩ ተነብቦ ሲያልቅ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ትዕግሥቱን አደነቁለት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስሟ ሲጠራ ከምትሰጠው መልስ በቀር ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ተነሣችና «እኔ ይህ ታሪክ ደስ አላለኝም» አለች። ለምን ተባለች። «እኔንም የሚጠብቀኝ ልጅ አለ» አለች።

አንዱ ወንድ «መጨረሻ ላይ ግን ወደደችው እኮ» አላት፤ በክፋት አልነበረም፣ የእውነት መስሎት ነው። እሷም መለሰችለት፦ «የወደደችው ደራሲው ስለፈለገ ነው። እኔን የሚጠብቀኝ ልጅ ይህን ታሪክ ያነበበ ይመስለኛል። ክፍል 22 እስኪደርስ እየጠበቀ ነው።»

ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ልብ ወለድ በአንባቢው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማስታወሻ የምይዝበት ብዕር እጄ ላይ ቀረ። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። አንዷ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ስላለው ቡድን፣ ሌላዋ ታናሽ እህቷን ይዛ እንጂ ብቻዋን ስለማትሄድበት መንገድ፣ ሌላዋ ጠዋት ዞራ ስለምትመጣ ስለምታረፍድበት ቀን ተናገሩ። ወንዶቹ ሰሙ። ሰዓቱ አልፎ ዘበኛው ጋሼ በር ሊዘጉ ቁልፍ እያንኳኩ እስኪመጡ ድረስ ማንም አልተነሣም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያ «ወደደችው እኮ» ያለው ልጅ ሁለት ገጽ ጽፎ መጣ። ያንኑ ታሪክ ከልጅቷ በኩል ጻፈው። በእሱ ጽሑፍ ውስጥ ልጅቷ ልጁን ለመሸሽ በረዥሙ መንገድ ትመጣለች፣ ታረፍዳለች፣ በር ላይ ትንበረከካለች፤ የሚቀጣት መምህር ለምን እንዳረፈደች አይጠይቃትም። ጽሑፉ የሰዋስው ችግር አለበት፤ ፍቅርም የለበትም። ይሁን እንጂ በምክትል ርእሰ መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ በመውጫ ሰዓት ተረኛ መምህር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እንዲቆም ተደርጓል፤ የሥርዓተ ፆታ ክበብም የሚያረፍዱ ሴት ተማሪዎችን ምክንያት መጠየቅ ጀምሯል። ለዚህ ትብብር አስተዳደሩን ከልብ አመሰግናለሁ። የጠባቂው ልጅ ጉዳይም በወላጆች በኩል ተፈትቷል፤ ዝርዝሩ የልጅቷ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ አልነበረም። ያችው ልጅ «ድሮ የተጻፈውስ እንዴት ነው የሚዋደዱት?» ብላ ስለጠየቀች ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍታችን ያለው ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱም ሽፋን የለውም። ስለዚህ በየተራ እየተነበበ፣ በመሐሉም የወጋየሁ ትረካ ከሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ እየተሰማ ሄድን። ልጆቹ ከሁሉ በላይ የተገረሙት በዛብህ ማንንም በር ላይ አለመጠበቁ ነው። በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ተቀጥሮ፣ ፍቅራቸው የሚጀምረው ፊደል ላይ ተቀምጠው ነው። በመጨረሻም መነኩሴ መስላ ቤቷን ጥላ ፍለጋ የምትወጣው ሰብለ ናት። «ታዲያ የምትሄደው እሷ ናት!» ያለችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ጩኸቷ እስከ ላቦራቶሪው ድረስ ተሰምቷል፤ የኬሚስትሪ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልን። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ የተነሣው ክርክር ደግሞ ስለ ጭሰኛና ስለ ባላባት የታሪክ ክፍለ ጊዜን ያህል ወስዷል። በመጽሐፉ ውስጥ የባላባቱን ሥርዓት የሚተቸው የጉዱ ካሣ ደጋፊዎች አሁንም አሉ፤ ደብተራቸው ላይ ስሙን የጻፉ አይቻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ጀምረን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ታሪክ በመሆኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ወደዱት፤ በተለይም አቤል ለትዕግሥት ፍቅሩን መናገር አቅቶት ሲብሰለሰል ወንዶቹ ዝምታን ከጥበቃ ጋር እያነጻጸሩ ተከራክረዋል። አልጨረስነውም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ተለዩን፤ የነበረንን አንድ ቅጂም አንድ ሰው ወስዶት አልመለሰም። የወሰደው ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ ቢያንስ መጨረሻውን መጥቶ ይንገረን።

የቀሩትን ሥራዎች ባጭሩ ልጥቀስ። በየሳምንቱ ማክሰኞ በሚኒ ሚዲያ የአምስት ደቂቃ ንባብ አቅርበናል። ከሌሎች ክበባት ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር አድርገን ሁለተኛ ወጥተናል። በ1936 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክርም ሄደናል። እዚያ ልጆቹን ያስደነቃቸው የብራና መጻሕፍቱ ብቻ አይደሉም፤ አሳታሚዎች የሚያትሙትን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስገባት ስላለባቸው፣ እናቶቻቸው በኪራይ ያነበቧቸው ስስ የፍቅር ልብ ወለዶች ሳይቀሩ እዚያ እንደሚቀመጡ ሲሰሙ ነው። አገር በክብር የሚያስቀምጠውን እኛ ከቦርሳ ውስጥ ነጥቀን እናቃጥላለን ብዬ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ሆኖ አይቻለሁ።

ያልተሳካም አለ። ሊታተም የነበረው የተማሪዎች አጫጭር ታሪኮች ጥራዝ በወረቀት እጥረት ቀርቷል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለተወሰደ ከደረጃው ሥር ተሰብስበናል። በልጆች ዘንድ የሚዞሩትን ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ክበቡ እንዳይጠቀም ወስነናል፤ ውሳኔው ትክክል ቢሆንም ምትክ የለንም፤ ገንዘብ የሌለው ክበብ ሕግ አክባሪ መሆን ውድ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፤ እሰየው፣ ይገባዋል፣ እኛም ሄደን አጨብጭበናል። የንባብ ክበብ ዓመታዊ በጀት ግን አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን አይገዛም፤ ቁም ሣጥኑ ቢኖር ያ «ሰመመን»ም አይጠፋም ነበር።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ይህን ቁም ሣጥንና ቋሚ ክፍል ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች ደግሞ ቤታችሁ የተቀመጡ ልብ ወለዶችን ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ በማንኛውም የሥራ ቀን ማስረከብ ትችላላችሁ። ባለፈው ጊዜ እንደሆነው የድሮ ሥርዓተ ትምህርት የሒሳብ መጻሕፍት አታምጡልን፤ በካርቶን ሞልተዋል። አሮጌ ይሁን፣ ሽፋኑ ይገንጠል፣ ኅዳጉ ላይ የማን ስም በልብ ሥዕል ውስጥ እንደተጻፈ አንጠይቅም። የመጨረሻው ገጽ ብቻ አይጉደል።