ለጦሳና ለአዝዋ ገደል አንድ የህትመት ክፍል፤ ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በደሴ ሙዚየም የሥዕል ህትመት ክፍል እንዲከፈት ስለመጠየቅ

በከተማችን የሥዕል መምህር ነኝ። ጥያቄዬን በግልጽ ደብዳቤ ያቀረብኩት የነዋሪው ሁሉ ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የአገራችን መልክዓ ምድር በህትመት ባሕር ከተሻገረ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የአክሱምን ሐውልት ጨምሮ በጉዞው የሣላቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1809 ለንደን ላይ ሲያሳትም፣ ሥዕሎቹ በአሲድ ከተበላ የመዳብ ሰሌዳ ታትመው በእጅ ቀለም የሚቀቡ ስለነበሩ ትልቁን ጥራዝ ቤቱ የሚያስገባው ባለጸጋ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላ ዘመቻ ጊዜ ግን ሠዓሊ ዊሊያም ሲምፕሰን የላካቸው ሥዕሎች በጠንካራ እንጨት ላይ ተቀርጸው ወጡ። እንዲህ ያለው ቅርጽ ከጋዜጣ ፊደል ጋር በአንድ ማተሚያ ስለሚታተምና በብዙ ቅጂ ቶሎ ስለማያልቅ፣ የወሎ ተራራ በሳምንታዊ ጋዜጣ እንግሊዝ አገር እየዞረ ታየ። እዚያው አምባ ሥር የሚያርሰው ገበሬ ግን ያየው አይመስለኝም።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) እስከ ኪዮቶ ያሉትን 53 የመንገድ ማረፊያዎች በእንጨት ህትመት ሲያወጣ ገዢው ተራው የከተማ ሰውና መንገደኛው ነበር። ደሴም የመንገድ ከተማ ናት።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼ ጦሳን በወለል ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ በምላጭ ቀረጹ። ማተሚያ ስለሌለን ቀለም ቀብተን ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ እያሸን አተምን። የመጀመሪያው ወረቀት ሲነሳ ተራራው ግራና ቀኙ ተገላብጦ ወጣ፤ ልጆቹ ምክንያቱ ሲገባቸው ሁለተኛውን ራሳቸው ገልብጠው ቀረጹት። ከዚያ አንድ ቅርጽ 40 ወረቀት አትመን ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄደ። በማግስቱ የአንዷ ተማሪ እናት መጥተው ሰኞ ገበያ ላለው ሱቃቸው አንድ ቅጂ ጠየቁኝ።

ስለዚህ መምሪያው በሙዚየሙ አንድ ክፍልና አንድ የእጅ ማተሚያ እንዲፈቅድ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የህትመት ባለሙያዎችንም ለሥልጠና እንዲጋብዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጦሳ፣ የአዝዋ ገደልና የሐይቅ ህትመቶች የቀን ሠራተኛ ሊገዛው በሚችል ዋጋ ይሸጡ፤ የ1868ቱ የመቅደላ ሥዕሎች ቅጂም ከጎናቸው ይሰቀል። ክፍሉ ከተፈቀደ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ የሥዕል መምህር