ከረሆቮት ለጋሼ

ረሆቮት፣ እስራኤል
ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ፣ ልጆቹስ እንደምን አሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እዚያ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ስልኩም የሚቆራረጥ በመሆኑ፣ በእንዲያ ያለ ድምፅ ሊነገር የማይገባው ነገር ስለበዛብኝ፣ ይህን ደብዳቤ ከፎቶግራፎቹ ጋር ወደ ጎንደር ለሚመጣ ሰው በእጁ ሰጥቻለሁ። የልጃችንን ስም ግን አልጽፍም፤ እጄ እሺ አላለኝም።

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እለምንዎታለሁ። በታኅሣሥ የእህታችን ልጅ በጋዛው ጦርነት መሞቱን በስልክ ነግሬዎት፣ እማዬን የማርዳቱን ሸክም በእርስዎ ላይ ጥዬ ዘጋሁ። ሽማግሌ ሰብስበው ጎሕ ሳይቀድ ከደጇ ቆመው እንዳረዷት ሰምቻለሁ። እዚህ መርዶ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሻማ በሚበራበት በሐኑካ በዓል ሰሞን አንድ ማታ፣ ሻማዎቹ በመስኮቱ አጠገብ እየበሩ ሳለ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች የእህታችንን በር አንኳኩ፤ ከመካከላቸው አንዱ አማርኛ እንዲናገር የተላከ የእኛው ልጅ ነበር። በሩን የከፈተችው ትንሿ ልጅ ናት። የሐኪሙንም የባንኩንም ወረቀት ለእናቷ እየተረጎመች ያደገች ልጅ፣ ልብሳቸውን ስታይ የሚተረጎም ነገር እንደሌለ ገባትና ያ ወጣት አፉን ሳይከፍት ጮኸች። እኔ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ነበር።

እርስዎ የሚያውቁት በ2000 ዓ.ም. ከጎንደር ስንወጣ እማዬን አልለቅም ብሎ ነጠላዋን የያዘውን የአምስት ዓመት ሕፃን ነው። በ20 ዓመቱ ከእኔ በራስ የሚበልጥ፣ ሐምራዊውን የጊቫቲ እግረኛ ብርጌድ መለዮ ትከሻው ላይ አጥፎ ቅዳሜን ለማክበር ሲመጣ በመጀመሪያ ድስት የሚከፍት ጎረምሳ ሆኖ ነበር። መስከረም 26 ጦርነቱ የተጀመረ ዕለት ለበዓል እቤት ነበር፤ ጠዋት ሳይረን ሲጮህ ተነሥቶ፣ ቡትሱን ለማሰር እንኳ ሳይቀመጥ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ሄደ። አገልግሎቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። የዚህ አገር ወጣት ከጦር ሲሰናበት ወደ ህንድ ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ ይጓዛል፤ እሱ ግን ገንዘብ ያጠራቅም የነበረው ጎንደር መጥቶ እማዬን ለማየት ነው።

ለቅሶ የተቀመጥንባቸውን ሰባት ቀናት በዝርዝር አላስረዝምም። ከቡድኑ ልጆች የሰማሁትን አንዱን ብቻ ልንገርዎት። እናቱ በላስቲክ ቋጥራ የምትሰጠውን በሶ ጋዛ ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ሲያዩት ጭቃ የሚበላ መስሏቸው ሳቁበት፤ ኋላ ምግብ በዘገየባቸው ሌሊት በውኃ በጥብጦ ሲያቀምሳቸው ወደዱት፤ በመጨረሻም ከፈቃድ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጠይቁት በሶውን ሆነ። ቃሉን በራሳቸው አንደበት «ቤሶ» እያሉ ሲጠሩት እህታችን በለቅሶው መካከል ሳቀች፤ ከዚያም ብድግ ብላ ገብስ ልትቆላ ወጥ ቤት ገባች፤ የከለከላት ሰው አልነበረም። ጦሩ ዕቃውን ሲመልስልን ከሻንጣው ግርጌ ግማሹ የተበላ ላስቲክ ተገኘ። እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ አለ።

ቀብሩ ላይ ወታደሮቹ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። እኛ አገር ለጀግና ለቅሶ እንደሚተኮሰው ነው፤ አሮጊቶቹ ስለዚህ ቶሎ ገባቸውና ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፤ አባቱ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ ካዲሽን፣ ሲል ድምፁ ከሙሾው ጋር ተቀላቀለ። ድንጋዩ ለተራውም ለጄኔራሉም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የሚቀረጸውም ማዕረግ፣ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ወደ እስራኤል የገባበት ዓመት፣ የወደቀበት ቦታና ቀን፣ ዕድሜ ነው። ትምህርት ቤት ከሰጠው የዕብራይስጥ ስም አስቀድሞ እማዬ ያወጣችለት ስም እንዲጻፍ ጠየቅን፤ ጻፉልን። በአባት ስም ብቻ መጠራት ለለመድነው ለእኛ የእናት ስም መቀረጹ እንግዳ ነበር፤ እህታችንም «በቁሜ ስሜ መቃብር ላይ ወጣ» አለች። ከስሟ ቀጥሎ በዕብራይስጥ ፊደል «ጎንደር» የሚል ቃል አለ። እኔ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእስራኤል መንግሥት ወደዚህ ለመግባት ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጠባበቁትን ወገኖቻችንን አመጣለሁ ብሎ በ2008 ዓ.ም. ወስኖ ሳለ፣ እርስዎ ዛሬም የዘርዎን ሐረግ የሚያስረዳ ወረቀት ይጠየቃሉ፤ የእህትዎ ልጅ ሲመለመል ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የጠየቀው አልነበረም። ይህን ለመንቀፍ ያህል አልጻፍኩትም፤ ልቤ ስለማይለቀው ነው።

ሰኞ ግንቦት 5 የወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ነበር። በዋዜማው ማታ በ2 ሰዓት አንድ ደቂቃ፣ በማግሥቱ ረፋድ በ5 ሰዓት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሳይረን በአገሩ ሁሉ ይጮሃል፤ አውራ ጎዳና ላይ ያለ መኪና እንኳ ቆሞ ሰው ወርዶ ይቆማል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ቆሜያለሁ፤ ዘንድሮ ግን መቃብሩ ላይ ቆሜ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አወቅሁ። በየመቃብሩ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ትንሽ ባንዲራ ተተክሎ ነበር። ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን መንገድ ላይ የቀሩትን የአያታችንን ወንድም ያስታወሰችው እህታችን ናት፤ «እሳቸው የሚቆሙበት መቃብር እንኳ የላቸውም» አለችኝ። ቤት ስንመለስ ዜናው ላይ የጋዛ እናቶች በከፈን የተጠቀለለ ልጅ አቅፈው ሲያለቅሱ ታዩ። አጥፉት አላለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስኪያበቃ አየችው።

አንድ ልመና አለኝ። እዚህ መቃብር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ትንሽ ድንጋይ ያኖራል፤ የእሱ ላይ ብዙ ተከማችቷል፤ ሁሉም የዚህ አገር ድንጋይ ነው። ሰው ሲገኝ፣ ከግቢያችን፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቅበት ከነበረው ካብ፣ ሻንጣ የማያከብድ አንድ ድንጋይ ይላኩልኝ። የምትመርጠው ግን እማዬ ትሁን።

ታናሽ ወንድምዎ