እህቴ፣ አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል

እህቴ፣ እንዴት ነሽ?

ይቅርታ። መልስ ሳልሰጥሽ የቀረሁባቸው መልእክቶችሽ አሁንም ስልኬ ላይ አሉ። እየደጋገምኩ አነባቸዋለሁ። ስለዚያኛው ጉዳይ ግን ዛሬ አላነሳም፣ አንቺም አታንሺብኝ። «ጉዳይ ሲኖራት ብቻ ነው የምትጽፈው» ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ። ካንቺ ሌላ የማማክረው ሰው ደግሞ የለም።

ለተማሪዎች የሚሆን የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀን ነው። የ«ሲ» ፊደል ለእኔ ደረሰኝ። «ቼክ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ኢሜይል ቼክ እናደርጋለን፣ ባንክ ላይ ቼክ እንጽፋለን፣ ሆቴል ስንገባ ቼክ ኢን እንላለን። ባለ ካሬ ጨርቅም ቼክ ነው። አሜሪካኖች ሬስቶራንት ውስጥ ሒሳብ ሲጠይቁ ቼክ ይላሉ። በበረዶ ላይ ሆኪ ተጋጣሚን በትከሻ ገፍቶ ማስቆምም ቼክ ይባላል። መግታት፣ መቆጣጠር የሚል ትርጉምም አለው። አንቺ ደግሞ ቼዝ ስንጫወት ፈረስሽን አስቀምጠሽ ጠረጴዛውን እየደበደብሽ የምትዪው «ቼክ!» አለ። ለመሆኑ አሁንም ትደበድቢያለሽ?

አንድ ባልደረባዬ «እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ድምፃቸው በአጋጣሚ ገጠመ፣ ለየብቻ እናስገባቸው» አለ። እኔ አልዋጥልሽ አለኝ። መፈለግ ጀመርኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሁሉም ያንቺ ናቸው! ሁሉም ከቼዝ ሰሌዳ ነው የወጡት።

መነሻው «ሻህ» የሚለው የፋርስ ቃል ነው፤ ንጉሥ ማለት። ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ አረቦች፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄደ። የተጋጣሚ ንጉሥ አደጋ ላይ ሲወድቅ «ሻህ!» ይባላል፤ ንጉሥህን ጠብቅ እንደማለት። ቃሉ በላቲን አልፎ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ። እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያው ተቆርጦ «ቼክ» ቀረ። «ቼዝ» ራሱ የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ያን ሁሉ ዓመት «ነገሥታት» ስንጫወት ነበር ማለት ነው። ይህን ታውቂ ነበር? አውቀሽ ካልነገርሽኝ እቀየምሻለሁ።

«ቼክሜት»ም «ሻህ ማት» ነው። ብዙ ሰው «ንጉሡ ሞተ» ብሎ ይፈታዋል። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያ ነው፣ «ማት» ሲባል የእኛ ጆሮ የሚሰማው ሞት ነዋ። በፋርስኛ ግን መላ ያጣ፣ መውጫ የጠፋው ማለት ነው። ለእኔ ይሄኛው ይጥመኛል። በቼዝ ንጉሥ አይገደልም፤ መሄጃ ያጣል እንጂ።

አሁን ትርጉሞቹ እንዴት እንደተወለዱ ተመልከቺ። ንጉሥሽ ቼክ ሲባል ያሰብሽውን ሁሉ ትተሽ እሱን ታድኛለሽ። ያቀድሽው ተገታ። መግታት የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚህ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም መክሸፍን «ኤሼክ» ነው የሚሉት።

ልቤን የሰረቀው ግን የገንዘቡ ታሪክ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ገቢ የሚቆጠረው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሹም የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል ጠረጴዛውን በዝርዝር ጽፎልናል፤ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ወርዱ 5 ጫማ። መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍበታል። በሮማን ቁጥር መደመር ስቃይ ስለሆነ፣ በመስመሮቹ መሀል መቁጠሪያ ጠጠር እያንቀሳቀሱ ያሰሉ ነበር። አንዱ ረድፍ የፔኒ፣ አንዱ የሺሊንግ፣ አንዱ የፓውንድ። ሸሪፎቹ የየአውራጃቸውን ግብር ይዘው ይመጡና ከግምጃ ቤቱ ሹም ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፊትዝኒል ራሱ ይህን ከቼዝ ፍልሚያ ጋር አመሳስሎታል። ጨርቁ የቼዝ ሰሌዳ ስለሚመስል መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር «ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር» ነው የሚባለው። የንጉሥ ማስጠንቀቂያ ሄዶ ሄዶ የሒሳብ ሹም ማዕረግ ውስጥ ገባ! ባለ ካሬው ጨርቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰሌዳ ነው።

የባንኩ ቼክ መጀመሪያ ወረቀቱ ራሱ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቼክ የሚባለው ባንኩ ዘንድ የሚቀረው ጉርድ ነበር። ወረቀቱን ከጉርዱ ጋር ታስተያዪዋለሽ፣ ማጭበርበር ይገታል። ቆይቶ ስሙ ወደ ወረቀቱ ዞረ። እንግሊዞች የባንኩን ቼክ በ«ኪው» ፊደል የሚጽፉት ኤክስቼከር ተጽዕኖ አድርጎባቸው ነው፤ አሜሪካኖች በ«ኬ» ጸንተዋል። አንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት ደግሞ ያው ማረጋገጥ ነው። ኢሜይል ቼክ ማድረግ እዚህ ጋ ይገባል።

ደስ ያለኝን አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ «ሰንጠረዥ»ም እኮ ተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደው። ከአረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ የቼዝ ስም ነው፤ ሥሩ አራት ክፍል ያለው ጦር የሚል የሳንስክሪት ቃል ነው። ዛሬ ግን ሰንጠረዥ ስንል ቁጥር የምንሞላበት ዓምድና ረድፍ ነው የሚታየን። ሁለቱም ቋንቋዎች ከጨዋታ ተነስተው ሒሳብ ጋ ደረሱ። ይህን ሳይ ብቻዬን ጮህኩ፣ መጀመሪያ ያሰብኩትም አንቺን ነው።

እና ጭንቀቴ ይህ ነው። አንድ ቃል መሆኑን ባልደረባዬ ተቀብሏል። አሁን የምንከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከጥንቱ ትርጉም ይነሳል። የተማሪ መዝገበ ቃላት ግን ብዙ ጊዜ ሰው አዘውትሮ ከሚጠቀምበት ይጀምራሉ። ባልደረባዬ «ማረጋገጥ» ይቅደም ይላል። እኔ ንጉሡን ነው ያስቀደምኩት። አንድ ልጅ ንጉሡን መጀመሪያ ካገኘ የቀሩትን ስድስት ሰባት ትርጉሞች መሸምደድ የለበትም፤ አንዱ አንዱን እየጎተተ ይመጣለታል። ግን ቸኩሎ አንድ ትርጉም ብቻ የሚፈልገው ልጅስ? እዚህ ላይ ነው የምወላውለው። አንቺ ልጆች ቼዝ ስታስተምሪ ኖረሻልና ምን ቶሎ እንደሚገባቸው ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ረቂቁን አያይዤልሻለሁ። የቼዝ ሰው የማይለው አባባል ካየሽ ሰርዢው፣ አትራሪልኝ። ሰኞ ለአዘጋጁ ማስረከብ አለብኝ፤ እስከ እሑድ ብትመልሺልኝ ይደርሳል። ስለ ራስሽም ጻፊልኝ። ስለ እሱም... ከፈለግሽ ብቻ።

ያንቺው