መርፌው ያለፈበት ቀን፣ ያልወጣው ኢምፕላኖን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ልጅ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር፤ የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገኘው 4.6 ነው። ‹‹ሕዝቡ ስላልገባው ነው›› ማለት ይቀላል። ጅማ ዙሪያ ግን ነገሩ የሚበላሸው ቀጠሮ ላይ ነው። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀን ከቡና ለቀማ ጋር ከገጠመ ሴትዮዋ ጤና ኬላ ሳትደርስ ትቀራለች። እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም መወጋት እንደምትችል ካልተነገራት ‹‹አልፎኛል›› ብላ ትተወዋለች። በመርፌው ምክንያት የወር አበባዋ ሲቋረጥም ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ ብላ ትሰጋለች። አይጠራቀምም፤ የማህፀን ግድግዳ ስለሚሳሳ የሚፈስ ነገር አይኖርም።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የ3 ዓመቱ የወሊድ መከላከያ፣ ኢምፕላኖን፣ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ማስገባቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማውጣቱ ግን ቆዳ መቅደድና የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ በተለይ ጠልቆ ከገባ። ማስገቢያው ቅርብ፣ ማውጫው ሩቅ ሲሆን በፈቃድ የቆመው ፖሊሲ ግዴታ ይመስላል (የቻይናን የቀድሞ የአንድ ልጅ ሕግ የሚያነሳ አይጠፋም)፤ ወሬውም ከቡና ጀበና ጋር ይዞራል። በሪፖርት የገባው ብቻ ሳይሆን በተጠየቀበት ቀን የወጣውም ይቆጠር።

የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያ፣ ከጅማ