እናቴን ማን አነሣት?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ማዶ መጥተው በገጠር እርሻ ስለሚያግዙና አረጋውያንን ስለሚንከባከቡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ያወጣችሁትን ዘገባ ብዙ አንባቢ አይቶታል፤ የገጹን እኩሌታ የያዘውን ፎቶግራፍ ደግሞ ማንበብ የማይችለውም አይቶታል። አንድ ወጣት አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ክንድ ይዞ ወደ ካሜራው ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «በጎ ፈቃደኛው ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን እናት ከአልጋቸው ሲያነሣ» ተብሎ ተጽፏል።

ጧሪ ቀባሪ የላትም የተባለችው እናቴ ናት።

እስቲ ፎቶውን መልሰው ያውጡትና የግራ ጠርዙን ይመልከቱ። ከእናቴ ትከሻ ዝቅ ብሎ አራት ጣቶች ይታያሉ። የወጣቱ እንዳይባሉ ሁለቱም እጆቹ ከፊት ናቸው። ጣቶቹ የእኔ ናቸው። ፎቶ አንሺያችሁ «ትንሽ ዞር በይልን» ሲለኝ «ከለቀቅኋት ወደ ኋላ ትወድቃለች» ብዬው ነበር። አልተከራከረኝም፤ ቢሮው ገብቶ ቆርጦ ጣለኝ። ጣቶቼን ግን ከእናቴ ቀሚስ ላይ ነቅሎ ማንሣት ሳይሆንለት ቀረ።

ሰው ከአልጋ የሚነሣው ክንዱን ተጎትቶ አይደለም። ያረጀ ትከሻ ሲጎትቱት ሊወልቅ ይችላል፤ የአረጋዊ ቆዳ ደግሞ ስስ ነውና በያዙት ቦታ ይላጣል። መጀመሪያ ጉልበቷን አጥፎ በጎን ማስተኛት፣ ቀጥሎ እግሯን ከአልጋው ቁልቁል እያወረዱ ጀርባዋን ቀና ማድረግ፣ ከዚያ መጠበቅ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን መጠበቅ ነው። ተኝቶ የቆየ አረጋዊ ድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ዐይኑ ሊጨልምበት ይችላል፤ ወድቆ ዳሌን መሰበር የሚመጣውም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ፎቶው የተነሣው እናቴ ማዞሩ እስኪለቃት ስትጠብቅ ነው። ክብደቷ ያረፈው ከኋላዋ ባለው እጅ ላይ ነው፤ ከፊት ያለው ሰው ድርሻ እንዳትደነግጥ ክንዷን በቀስታ ይዞ ማዋራት ነው። ወጣቱ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የፈገገውም ፈገግ በል ተብሎ ነው።

ሌሊት የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ ማን እንደሚያገላብጣት ዘጋቢያችሁ አልጠየቀም። ሊጠይቅም አይችልም። የመጣው ረፋድ ላይ ነው፣ የሄደው ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ነው፤ በዘገባው ውስጥ ሌሊት የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ «ተቀባይ ቤተሰቦች ያለ ምንም ወጪ የሰው ኃይል አገኙ» የሚል አለ። ይህን ሳነብ ኪሴን ዳሰስኩ። ዉፍ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው፣ በጎ ፈቃደኞችን ከኦርጋኒክ እርሻዎች ጋር የሚያገናኘው እንቅስቃሴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር ነው። የጀመረችው ሱ ኮፓርድ በለንደን በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ያሰበችውም የከተማ ሰው ቅዳሜና እሑድን ገጠር የሚያሳልፍበትን መንገድ ነው። እንግዳው የቀኑን እኩሌታ ያህል ይሠራል፤ ባለ እርሻው ያበላል፣ ያሳድራል፣ ሥራውን ያስተምራል። በመካከላቸው ገንዘብ አይተላለፍም፤ ወጪ ግን አለ። እንጀራ ፈላጊ ሠራተኛ ሳይሆን ሥራውን ሊማር የመጣ እንግዳ ነው የምንቀበለው።

ማስተማሩም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቡቃያና አረም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማያውቅ ዐይን አንድ ናቸው። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው የካሮት መደብ አርሞ ሲወጣ ከኋላው ንጹሕ መሬት ይተዋል፤ ንጹሕ ማለቴ አረሙም ካሮቱም የሌለበት። ላምም የለመደችው እጅ ሲለወጥባት ትደነግጥና ወተቷን ትይዛለች። እናቴን ከላም ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ነገር ግን የመርሳት ሕመም ያለበት አረጋዊም በየሳምንቱ አዲስ ፊት ሲመጣበት ግራ ይጋባል፣ ይፈራል፣ አልበላም ሊልም ይችላል። አንዱ እንግዳ ለመድኩ ሲል ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ ሌላው ይመጣል፤ እኔ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ይህ ነው «ያለ ምንም ወጪ»።

ዘገባችሁ ወደ ታሪክም ገብቷል። ዓለም አቀፍ በጎ ፈቃድ «የተወለደው» እ.ኤ.አ. በ1961 ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ጋር ነው ይላል። የተሳሳታችሁት ቢያንስ በ41 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬዞል በፈረንሳይ፣ ቬርደን አቅራቢያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደመች መንደር መልሶ ለመሥራት ከተለያዩ አገሮች የተውጣጣ ትንሽ ቡድን ይዞ ገብቶ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ጀርመኖች ነበሩ፤ ትናንት መንደሩን ያፈረሰው ጦር አገር ልጆች ማለት ነው። መኖራቸው ቅሬታ አስነሣ፤ ሥራውም ከወራት በኋላ ተቋረጠ። ይህን ታሪክ የምወደው ተቀባዩ ወገን በውስጡ ሰው ሆኖ ስላለ ነው፤ ይጠራጠራል፣ ይቆጣል፣ እምቢ ይላል። በእናንተ ዘገባ ያለው የገጠር ሰው ያመሰግናል፣ ደግሞ ያመሰግናል፣ ከዚያ ከፎቶው ይወጣል።

የሰላም ጓድን ካነሣችሁት አይቀር፣ ፈቃደኞቹን ለሁለት ዓመት ከማሰማራቱ በፊት ሦስት ወር ያህል ያሠለጥናል፣ ከአገሬው ቤተሰብ ጋር እያኖረ ቋንቋ ያስተምራል። የእናንተ ጀግኖች በጠቅላላው የቆዩት ሁለት ሳምንት ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ። ዘገባው የገጠር ወጣቶች «ወላጆቻቸውን ጥለው ጠፉ» ይላል። ታናሽ እህቴ ባሕር ማዶ ናት። ምን እንደምትሠራ ይገምቱ፤ የሰው እናት ትጦራለች። ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ሌሊት ታገላብጣለች። የእናታችን መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ በምትልከው ገንዘብ ነው። በዘገባችሁ ሚዛን እንግዲህ በደመወዝ የሰው እናት የምትጦረው ልጅ ጥላ የጠፋች ናት፤ የእርሷን እናት ለሁለት ሳምንት የሚይዝላት ወጣት ጀግና ነው፤ ቤት ቀርታ የምትጦረው ደግሞ አራት ጣት ናት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሁሉ እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት እንዳለው ደንግጓል። ሰውን ማጠብና ማጉረስ ሥራ መሆኑን ዓለም ተቀብሎታል ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ግን ይኸው ሥራ እኔ ስሠራው ግዴታ፣ እህቴ ስትሠራው ክህደት፣ እንግዳው ሲሠራው ዜና ይሆናል።

ወጣቶቹ አይምጡ ብዬ የምጽፍ የሚመስለው ካለ አልገባውም። ይምጡ። አንዱ ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ መዋል የሚችል ነበር፤ ይህ ደግሞ ሁሉም የታደለው ችሎታ አይደለም። አንዱን ታሪክ ደጋግማ ስትነግረው በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰማት ነበር። ቋንቋውን አያውቅም፤ ምናልባት የጠቀመውም ይኸው አለማወቁ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ እተኛለሁ። ቤት ውስጥ አረጋዊ ለሚጦር ሰው ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ የለም፤ የሚታመን ሰው ተቀምጦለት ያለ ስጋት የሚተኛበት አንድ ሰዓት። ዘጋቢያችሁ «ምን ጠቀማችሁ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ይህን ነበር። የጠየቀኝ «የቡና ስኒዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ታነሺልን?» ብሎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030 ከስድስት ሰዎች አንዱ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ እ.ኤ.አ. 2026ን ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ብሎ ሰይሟል። ስለዚህ ይህን መሰል ዘገባ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በሚቀጥለው ስትጽፉ እንግዳው ከመድረሱ በፊት ማን እንዳሠለጠነው፣ አረጋዊው በማን እጅ መታጠብ እንደሚፈልግ እርሱ ራሱ ተጠይቆ እንደሆነ፣ ፈቃደኛው በሄደ ማግሥት ቤቱ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ሦስቱንም የምትጠይቁት የቤቱን ሰው ነው።

የፎቶው መግለጫ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ገጽ፣ ከማስታወቂያዎች ሥር የሚወጣ ማረሚያ አልቀበልም። ዘጋቢያችሁም ነገሩን አጣራለሁ ካለ ተመልሶ ይምጣ፤ ማደሪያ አናጣለትም። ሌሊት በስምንት ሰዓት ግን እቀሰቅሰዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት ገበሬ